ቀስት ካለው ይገባል

ከዩኒቨርሲቲው እስከ ቤት እትዬ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን ነው የመጣነው። እሷ ስትናደድ አትራመድም፣ ትበራለች። የኔ ነጠላ ጫማ መንገድ ላይ ተበጠሰ፤ በእጄ ይዤው ሮጥኩ። ቤት ስንገባ እማዬ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። ቀና ብላ አየችንና፣

"ማን ሞተ?" አለች።

"ማንም አልሞተም" አለች እትዬ። "እንዲያውም ማንም አልተወለደም። አንቺም አልወለድሽኝም። መጽሐፍ ላይ ተጽፏል።"

ቦርሳዋን መሬት ላይ ወረወረችው። እማዬ ወደኔ ዞረች። "ይቺ ልጅ ምን ነክቷታል?"

ምን ልበላት?

አሁን ሁለቱም ተኝተዋል። እኔ ይሄው በስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጫለሁ። ቀን የእማዬ ነው፣ ከዚያ የእትዬ፣ ዛሬ ገና ለኔ ደረሰኝ። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፣ አጻጻፌም ያው ነው። የሰው ጽሑፍ ስጽፍ እውላለሁ እንጂ የራሴን ጽፌ አላውቅም። ግን ይሄን ካልጻፍኩት ያንቀኛል።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። እማዬ ግን "ሙግቴ" ነው የምትላት። አፍ ስትፈታ የመጀመሪያ ቃሏ "ለምን" ነበር ትላለች። እማዬ ማጋነን ትወዳለች፣ እዚህ ላይ ግን ብዙም አልራቀችም። አንደኛ ደረጃ ሳለች መምህሯ ካርታ ሰቅሎ ሲያስተምር እጇን አወጣችና "ይሄን መስመር ማን አሰመረው?" አለችው። "ተፈጥሮ" አላት። "ተፈጥሮ ማስመሪያ አላት እንዴ?" ብላ ከክፍል ተባረረች። እማዬ ተጠራች። የልብስ መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ሄዳ፣ "እኔ ጨርቅ ስቆርጥ መስመሩን የማሰምረው ራሴ ነኝ። ልጅቷ ምን አጠፋች?" አለችው አሉ። ሙግት በዘር ነው እንግዲህ። ለኔ ብቻ ነው ያልደረሰኝ።

ሰፈራችን ሸለቆ ውስጥ ነው። ከቤታችን በታች ወንዝ ነበረ፤ ወረዳን ከወረዳ የሚለየው እሱ ነበር። እኛ ከላይኛው ወረዳ ነበርን፤ ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ድምፅ የሚሰጥበትም ከላይ ነበር። በኋላ ከኛ በላይ ትልቅ መንገድ ተሠራ። መንገዱ ሲያልቅ የከተማው አስተዳደር "ከእንግዲህ ወሰኑ ወንዙ ሳይሆን መንገዱ ነው" አለ። በቃ። እኛ ከቦታችን አልተነሳንም፣ መስመሩ ግን ጭንቅላታችን ላይ ተራምዶ አለፈ። አድረን ስንነሳ የታችኛው ወረዳ ሰዎች ሆንን።

ያኔ እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርት ቤቱ ከደጃችን ይታያል፣ ደወሉ ይሰማል። ርዕሰ መምህሩ እማዬን አስጠርቶ "ልጅሽ ከእንግዲህ የሌላ ወረዳ ልጅ ናት" አላት።

"የኔ ናት እንጂ የምን ወረዳ!" አለችው።

"ወሰኑን እኔ አላዞርኩትም እናቴ። እኔንም ነው ያዘዙኝ።"

የታችኛው ወረዳ ትምህርት ቤት ያለው ከድንጋይ ካባው ወዲያ ነው። መንገዱ ለድንጋይ ጫኝ መኪናዎች እንጂ ለእግረኛ የተሠራ አይደለም። ጎረቤታችን የነበረች ልጅ በዚያ መንገድ እግሯን ከተገጨች በኋላ እማዬ በር ላይ ቆመች፤ "በኔ ሬሳ ላይ!" አለች። እኔም ለጊዜው ቤት ትቆይ ተባልኩ። ያ ለጊዜው እስከ ዛሬ አላለቀም።

የሚያናድደኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ እማዬ እስከ ዛሬ የላይኛውን ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው የምትሰፋው። ሌላ ሥራ ከየት ይመጣል? አንገትጌውን የምገጥመው እኔ ነኝ። የማልለብሰውን ዩኒፎርም አንገትጌ።

እትዬ ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ደርሳ ስለነበር መስመሩ አልነካትም። ግን ከኔ ይልቅ የተንገበገበችው እሷ ናት። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ጂኦግራፊ ከፖለቲካ ጋር መረጠች። ጎረቤት ሁሉ "ሕክምና አትማሪም ወይ? ካርታ በሽተኛ ያድናል?" አላት። "ካርታ ነው በሽተኛ ያደረገን" አለቻቸው። አልገባቸውም፣ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

እኔ ደሞ በዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ባለ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ተቀጠርኩ። ባለሱቁን ጋሼ ነው የምንለው። ከኔ በፊት የነበረችው ታይፒስት የአንዱን ተማሪ ጽሑፍ "አሳመርኩለት" ብላ ግማሹን በራሷ ቃል ጽፋው፣ ልጁ መጥቶ ሱቁን ሊያፈርስ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ሕግ አወጣ። እስክርቢቶ ይዞ ከኮምፒውተሬ በላይ ግድግዳው ላይ ጽፎታል፦ "ያለውን እንዳለ። ቀስት ካለው ይገባል፣ ቀስት ከሌለው ይጠየቃል።" ተማሪዎች በእጃቸው የጻፉትን ነው የሚያመጡት፤ የረሱትን በገጹ ጠርዝ ላይ ይጽፉና ወደሚገባበት ቦታ ቀስት ይስላሉ። ቀስት ካለ፣ ቀስቱ ወደጠቆመበት ማስገባት ነው። ማሰብ የኔ ሥራ አይደለም። "አንቺ ጣት ነሽ" ይለኛል ጋሼ። ሲወደኝ ነው እንዲህ የሚለኝ።

በመጨረሻው ዓመት እያንዳንዱ ተማሪ የግል ጥናት ይጽፋል። እትዬ ገና ሳትጠየቅ ርዕሷን ይዛ ሄደች፤ የከተማ ወሰን ማን ያሰምራል፣ ማንስ ይጎዳበታል የሚል። አማካሪ የተደረገላት ዶክተር በጣም ደስ አለው። ግን አንድ ነገር አስጠነቀቃት። "ይሄ ጥናት ከመጻሕፍት ብቻ ነው። ሰው አትጠይቂ፣ ሰፈር አትዙሪ። በዓይንሽ ያየሽው ምንጭ አይሆንም። የታተመ ብቻ።"

ሕግ ነው፣ እሺ አለች። እሷ ሕግ ትወዳለች እኮ፤ የምትሟገተው ሕግ ስለምትወድ ነው። ቤተ መጻሕፍት ገብታ ቀረች። ከዚያ ስትወጣ ፎቶ ኮፒ ልታስነሳ ሱቅ ትመጣና ማሽኑ አጠገብ ቆማ ታወራናለች። አንድ ቀን መጻሕፍቱን ባንኮኒው ላይ ደርድራ የግርጌ ማስታወሻቸውን ገልጣ አሳየችን።

"ይሄ 'ወሰኑ ሲዞር ሸለቆው ሰው ያልሰፈረበት ነበር' ይላል። ማን ነገረህ? ሲባል፣ ይሄኛው። ይሄኛውን ማን ነገረህ? ሲባል፣ ያኛው። ያኛው ደሞ ወሰኑን ለማዞር የተጻፈውን የማዘጋጃ ቤት ዘገባ ይጠራል። ዘገባውን ማን ጻፈው?"

"ማን?" አልኩ።

"የኔው ዶክተር። እሱ ደሞ ማንንም አልጠራም። እንዲሁ ነው ያለው። ይባስ ብሎ አዲሱ መጽሐፉ ላይ 'ብዙ ጸሐፍት እንደተስማሙበት' ይላል። ብዙ ጸሐፍት ማለት እሱን የጠሩት ናቸው!"

ጋሼ የጥረዛ ሙጫውን እያማሰለ ነበር። "የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ!" አለ።

"አይ ጋሼ፣ ድንቢጥ እንኳ የለችበትም። አይጥ ለአይጥ ነው።"

ሳቅን። ያኔ ያስቅ ነበር።

ጽሑፏ ውስጥ ግን ይሄን አልደፈረችም። የዶክተሩን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ጠቀሰችና "ይህ ነጥብ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል" ብላ አለፈች። እትዬ! ተፈጥሮ ማስመሪያ አላት ወይ ያለችው ልጅ! እሷም ትፈራለች ለካ። ንዴቷን ያራገፈችው በጠርዙ ላይ ነው። ለራሷ ብላ፣ በእርሳስ፣ ጻፈችበት። ከዚያ በንዴት ወደ ዶክተሩ ዓረፍተ ነገር ትልቅ ቀስት ሳለች።

የማስረከቢያው ሰዓት ሊዘጋ ሲል ነው ያንን ገጽ ያመጣችልኝ። እየሮጥኩ ጻፍኩት። ቀስት አለው፣ አስገባሁት። ጋሼ ጠረዘው፣ እሷ ነጥቃ ሮጠች። ማንም አላነበበውም።

ዛሬ ከምሳ በኋላ የሱቁ ስልክ ጮኸ። እትዬ ናት። ድምጿ ደረቅ ነበር።

"ነይ።"

"የት?"

"ዶክተሩ ቢሮ። ታይፒስቷ ትምጣ ብሏል።"

ጋሼ ፊቴን አይቶ፣ "ምን ሆንሽ?" አለኝ። ስነግረው ግድግዳው ላይ ያለውን ሕግ ቀና ብሎ አየና "በሕጌ ከሆነ እኔም ልምጣ" አለ። ደግ ሰው ነው፤ ግን ደንበኛ ነበረው፣ ብቻዬን ሄድኩ።

ቢሮው ንጹሕ ነው። ጥግ ላይ የተጠቀለሉ ካርታዎች እንደ ጃንጥላ ቆመዋል። የምድር ሉሉ እግሩ ተሰብሮ በመጻሕፍት ተደግፏል። የተደገፈበት የዶክተሩ የራሱ መጽሐፍ ነው፣ ብዙ ቅጂ አለው። እትዬ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እሱ አይጮህም፣ ይሄ ነው የሚያስፈራው። ፈገግ እያለ ጽሑፏን ገልጦ እንደ ዜና አንባቢ አነበበ።

"'በወቅቱ ሸለቆው ሰው ያልሰፈረበት ነበር። ውሸታም! እኔ እዚያ ተወልጃለሁ። እናቴ ምጥ ይዟት የጮኸችው ለድንጋይ ነው?'" መነጽሩን አወለቀ። "አንቺ ነሽ የጻፍሽው?"

"አዎ፣ ዶክተር።"

"ከራስሽ ጨምረሽ?"

ቀስቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። እሱ ወደ እትዬ ዞረ። "የታይፒስት ስህተት ነው ብለን ልንዘጋው እንችላለን። ማንም አይጎዳም።" እንደገና ወደኔ። "ስንተኛ ክፍል ነሽ?"

"ስምንተኛ... አቋርጬ ነው።"

"ለምን አቋረጥሽ?"

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ለምን አቋረጥሽ አለኝ! ያ መስመር፣ ያ ደወል፣ የዚያች ልጅ እግር፣ ያ ሁሉ አንገትጌ ፊቴ መጥቶ ቆመ። ሉሉን አየሁ። እና ምን አልኩ መሰላችሁ?

"እንዲሁ" አልኩ።

እንዲሁ! አሁንም ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል። ልክ እሱ ዘገባው ላይ እንዳለው እኔም እንዲሁ አልኩ።

እትዬ አየችኝ። ከዚያ ከወንበሩ ተነሳች።

"የኔ ነው ዶክተር። እሷ ያለውን እንዳለ ነው የጻፈችው።"

"ሕጉን ታውቂያለሽ። ያየሽው ምንጭ አይደለም።"

"አውቃለሁ። እርስዎ ያላዩትስ ምንጭ ነው?"

ፈገግታው ቀረ። "ተጠንቀቂ።"

"የሰጡኝን ሁሉ አንብቤያለሁ። አንዱ ሌላውን እየጠራ መጥቶ እርስዎ ጋ ይቆማል። እርስዎ ጋ የግርጌ ማስታወሻ የለም። ሸለቆው ድረስ ወርደው ነበር?"

"ከላይ ታይቷል። ከመንገዱ።"

"ከመንገዱ ሲያዩት ዛፍ ነው የሚታየው። እኛ ከዛፉ ሥር ነን።"

ጽሑፉን ቀስ አድርጎ ዘጋው። "ነገ ረፋድ ላይ ይሄን ገጽ አስተካክለሽ አምጪ። ከመጻሕፍት ብቻ። ካልሆነ አያልፍም፣ ካላለፈ ምረቃ የለም፣ የምትማሪበት ነጻ የትምህርት ዕድልም እዚሁ ያበቃል። ጎበዝ ልጅ ነሽ፣ አትበላሺ።"

አትበላሺ አላት። እንደ ወተት።

ቤት ደርሰን እትዬ ይሄን ሁሉ ለእማዬ ነገረቻት። እማዬ መርፌውን አፏ ውስጥ እንደያዘች ሰማች። ከዚያ አውጥታ ጨርቁ ላይ ሰካችው።

"ባዶ ነበር አለ?"

"አዎ።"

"ታዲያ ያን ቀን አዋላጇ የመጣችው ማን ቤት ነው? ቀበሮ ልታዋልድ ነው?" ተነሳች፣ ተቀመጠች። "ወንዙ ሞልቶ ሴትዮዋን አዝለው ያሻገሯት ሰዎችስ? እነሱም የሉም? አባትሽ ጣራውን ሲመታ ጣቱን የቀጠቀጠው ባዶ ሜዳ ላይ ነው?"

"ይሄን ነው የምለው!"

"ግን አውጪው።"

እትዬ ደነገጠች። "ምን?"

"ገጹን አውጪው። መወለድሽን እኔ አውቃለሁ። አንድ ገጽ ብለሽ ይሄን ሁሉ ዓመት ልትደፊው ነው? ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።"

"ዝም አልነቀዘም እማዬ፣ እኛ ነቀዝን! ይቺን እያት!" ብላ ጣቷን ወደኔ ቀሰረች። "ለምን አቋረጥሽ ሲላት 'እንዲሁ' አለች። እንዲሁ! እሱ መስመሩን ያዞረው እንዲሁ፣ እሷ ያቋረጠችው እንዲሁ!"

እዚህ ላይ እኔም ፈነዳሁ። ፈሪ ሰው ሲናደድ ያስጠላል፣ አውቃለሁ። "አንቺስ?" አልኳት። "ጽሑፍሽ ላይ 'ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል' ያልሽው ማን ፈርተሽ ነው? እኔ ቢሮው ውስጥ ፈራሁ፣ አንቺ ማንም በሌለበት ወረቀት ላይ ፈራሽ! እውነቷን ገጹ ጠርዝ ላይ ደብቀሽ! እኔ ባላስገባት ኖሮ እዚያው ትቀር ነበር!"

እማዬ መኪናውን በእግሯ ሁለት ጊዜ መታችው፣ ክር አልነበረውም፣ ባዶውን ሄደ። እትዬ ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ ገረጣ። ትመታኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን፣

"እማዬ፣ ጠረጴዛውን ልቀቂልኝ" አለች።

እማዬ ዩኒፎርሞቹን አጥፋ አነሳች። "ሙግቴ" አለች። የመኪናውን መብራትም ወደ ወረቀቱ አዞረችላት።

እትዬ ገጹን እንደ አዲስ ጻፈችው። ስትጨርስ ሰጠችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። "ጠዋት ሱቅ ስትከፍቺ ይሄን ጻፊ። ያለውን እንዳለ" ብቻ ነው ያለችኝ።

አነበብኩት። "ተጨማሪ ጥናት" የሚለው የለም፣ የዶክተሩ ዓረፍተ ነገር ግን እንዳለ አለ። ማን ማንን እንደጠራ አንድ በአንድ፣ በመጽሐፍና በገጽ፣ መጨረሻው ዶክተሩ ጋ እስኪደርስ። የሱ ዘገባ ምንም ምንጭ እንዳልጠቀሰ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ስድብ የለበትም፣ "እኔ" የለበትም። ከመጻሕፍት ብቻ፣ ራሱ እንዳዘዘው። እኔ ዶክተሩን ብሆን ከፊተኛው ይልቅ ይሄኛው ነው የሚያስፈራኝ። አንብቦ ይጥላታል ወይስ ያሳልፋታል፣ ምን አውቃለሁ?

ግን አንድ ነገር አለ። በጠርዙ ላይ "እኔ እዚያ ተወልጃለሁ" ብላ ጽፋ በላጲስ አጥፍታዋለች። መብራቱ ላይ ሲያዙት የእርሳሱ ምልክት ይታያል። ቀስቱን ግን አላጠፋችውም። እዚያው አለ፣ ወደ ዶክተሩ ዓረፍተ ነገር እየጠቆመ፣ ጭራው ላይ ምንም የለም። ረስታው ነው? ሆን ብላ ነው? ልቀሰቅሳት ተነሳሁና ተመለስኩ። እውነቱን ለመናገር፣ አስገቢው ብትለኝም አታስገቢው ብትለኝም እፈራለሁ።

እኔንም ያናድደኛል እኮ። ያ ሁሉ መጽሐፍ ተጠርቶ፣ ያ ሁሉ ገጽ ተቆጥሮ፣ አንዲት እውነተኛዋ ዓረፍተ ነገር በላጲስ ትሄዳለች። ሸለቆው ድጋሚ ባዶ ይሆናል፣ በዚህ ጊዜ በኛው እጅ። ከገባች ደሞ ሕጉ ፈረሰ ብሎ ይጥላታል፣ የዚያኔ በኔ ጣት ነው የወደቀችው።

ቀስት ካለው ይገባል፣ ቀስት ከሌለው ይጠየቃል። ቀስቱ ኖሮ ቃሉ ከጠፋስ? ጋሼ ለዚህ ሕግ አላወጣም። ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት ጣቴ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም።